ለታላቋ ጉንፋን፣ ለጨቅላው የትንፋሽ ማጠር

የጅማ ክረምት ረጅም ነው። ዝናቡ ሲበረታ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ከሰሉ እዚያው ይቀጣጠላል፣ ልጆችም ተጠጋግተው ይተኛሉ፤ አንዱ የያዘው ሳል ሌላውን ሳይነካ አያልፍም። የሥነ ሕይወት አስተማሪ በመሆኔ ጎረቤቶቼ ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አለ፦ የአምስት ዓመቷን ልጅ ንፍጥ ብቻ አስይዞ የተዋት በሽታ የሦስት ወር ወንድሟን ለምን ኦክስጅን እስኪያስፈልገው ድረስ ጣለው? «ብርድ ስለመታው» የሚለው መልስ አይበቃም፤ ብርዱ ሁለቱንም እኩል አግኝቷቸዋልና። መልሱ ያለው የልጆቹ ሰውነት ለቫይረሱ በሰጠው ምላሽ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ሕመም በሕፃናት ላይ ከሚያመጡት ቫይረሶች ዋነኛው በምህጻሩ አርኤስቪ ይባላል። መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ ውስጥ ለምርምር ይጠበቁ በነበሩና ጉንፋን በያዛቸው ቺምፓንዚዎች ላይ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ በታመሙ ሕፃናት ላይ ታየ። ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በዚህ ቫይረስ ያልተያዘ ልጅ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አብዛኞቹ በቀላሉ ይድናሉ፤ ሆኖም በዓለም አቀፍ ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ከ100,000 የሚበልጡ ልጆች በእርሱ ሰበብ ሞተዋል፤ ከእነዚህም እጅግ የሚበዙት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ።

ቫይረሱ በአፍንጫ ወይም በዓይን በኩል ገብቶ የአየር መተላለፊያውን የሚሸፍኑትን ሕዋሳት ያጠቃል። አንድ ሕዋስ በቫይረስ ሲጠቃ ኢንተርፌሮን የተባለ ንጥረ ነገር አመንጭቶ በዙሪያው ያሉትን ሕዋሳት ያስጠነቅቃል፤ አርኤስቪ ግን ይህንኑ ማስጠንቀቂያ የሚያፍኑ ሁለት ፕሮቲኖች አሉት። ስለዚህ ሰውነት በሚገባ ሳይነቃ ቫይረሱ ይራባል፤ በጨቅላዎች ላይም ከአፍንጫ ወርዶ ሳንባ ውስጥ እስካሉት ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች ሊደርስ ይችላል።

ምላሹ ሲመጣ ግን በኃይል ነው የሚመጣው። ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ስፍራው ይጎርፋሉ፤ የቧንቧው ግድግዳ ያብጣል፤ የተጠቁት ሕዋሳት ተላጠው ይወድቁና ከንፍጡ ጋር ተጋግረው መተላለፊያውን ይደፍኑታል። በፊዚክስ ሕግ የአንድ ቱቦ ወርድ (ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለው ርቀት) በግማሽ ሲጠብ አየር ለማሳለፍ የሚያሳየው ተቃውሞ 16 እጥፍ ይሆናል፤ ከመነሻውም ጠባብ በሆነው የጨቅላ ቧንቧ ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ ለማምጣት ጥቂት እብጠት ይበቃል። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል፦ የአፍንጫው ቀዳዳዎች በየትንፋሹ ይሰፋሉ፤ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ አየር ሲያስወጣ ፉጨት መሰል ድምፅ ይሰማል፤ ጡት ይዞ ሁለት ሦስቴ ከሳበ በኋላ ለመተንፈስ ሲል ይለቀዋል። ከዚህ ሥቃይ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሰውነት ራሱን ለመከላከል ያስነሣው ብግነት ነው።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። «እንጥሉ ወርዶ ነው» እየተባለ የሕፃን እንጥል የሚቆረጥበት ልማድ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ችግሩ ያለው ከእንጥል ርቆ፣ ሳንባ ውስጥ ነው፤ ቆረጣው የሚያተርፈው መድማትንና ቁስልን ብቻ ነው። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለው ደግሞ 50 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባል።

ታላቅየዋ ቫይረሱን ከዚህ ቀደም ታውቀዋለች። በመጀመሪያው ሕመሟ ጊዜ ገዳይ ቲ ሴሎች የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የተጠቁትን ሕዋሳት አስወግደውላታል፤ ቫይረሱን የሚይዙ አንቲቦዲ የተባሉ መከላከያ ፕሮቲኖችም ሠርታለች። በአፍንጫዋ ያሉት አንቲቦዲዎች በወራት ውስጥ ስለሚመናመኑ ደግማ ደጋግማ ትያዛለች፤ በደሟና በሳንባዋ የቀረው ትውስታ ግን ቫይረሱ ወደ ታች እንዳይወርድ ብዙውን ጊዜ ያግደዋል። ጨቅላው ያለው በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናቱ የተላለፈለት አንቲቦዲ ብቻ ነው። ይህም በብዛት የሚተላለፈው በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት ስለሆነ ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ድርሻው ያንሳል፤ ለሌሎቹም ቢሆን ከተወለዱ በኋላ በየጊዜው እየቀነሰ ይሄዳል።

ታዲያ ጨቅላው ራሱ ለምን አይከተብም? እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ ፎርማሊን በተባለ ኬሚካል የተገደለ ቫይረስ እንደ ክትባት ለሕፃናት ተሰጥቶ ነበር። ውጤቱን ባሰብኩት ቁጥር አዝናለሁ። ከተከተቡት መካከል በኋላ ቫይረሱ ከያዛቸው ጨቅላዎች 80 በመቶ ያህሉ ሆስፒታል ሲገቡ፣ ካልተከተቡት ግን የገቡት 5 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ሁለት ሕፃናትም ሞቱ። ክትባቱ አንቲቦዲ አስገኝቷል፤ ነገር ግን አንቲቦዲው ቫይረሱን ቢይዘውም ሊያከሽፈው አልቻለም፤ የቲ ሴሎቹም ምላሽ ወደ አለርጂ ያዘነበለ ስለነበር የሳንባው ብግነት ባሰ።

ቫይረሱ ከሕዋስ ጋር የሚዋሐድበት ኤፍ የተባለው ፕሮቲን ሁለት ቅርፅ አለው፦ አንዱ ከመዋሐዱ በፊት፣ ሌላው ከተዋሐደ በኋላ። የመጀመሪያው በቀላሉ ወደ ሁለተኛው ይለወጣል፤ ቫይረሱን በብርቱ የሚያከሽፉት አንቲቦዲዎች ግን የሚይዙት የመጀመሪያውን ነው። የ1966ቱ ክትባት ለሰውነት ያሳየው በአብዛኛው የተለወጠውን ቅርፅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እነ ጄሰን ማክሌላንና ባርኒ ግራም የመጀመሪያውን ቅርፅ አጥንተው ሳይለወጥ እንዲቆይ ማድረግ ቻሉ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ፈቃድ ያገኘው ክትባት በዚሁ ቅርፅ ላይ የተመሠረተ ሲሆን የሚሰጠው ለነፍሰ ጡሯ እናት ነው። ጨቅላውን ያልበሰለ ምላሽ እንዲሰጥ ሳያስገድዱ የእናቱን የበሰለ አንቲቦዲ ማብዛት ይቻላል ማለት ነው፤ እኔም ተስፋዬን የጣልኩበት መንገድ ይህ ነው። አንቲቦዲው ተሠርቶ በእንግዴ ልጅ በኩል እስኪሻገር ጊዜ ስለሚፈልግ እናትየው ከመውለዷ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድማ መከተብ ይኖርባታል።