«ካርዱ ተቃጥሏል» የተባለው ኮምፒውተር

የታናሽ ወንድሜ ኮምፒውተር ጌም በተከፈተ ቁጥር ድርግም ይላል። አንድ ጥገና ቤት «ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዙ» ብሎን ነበር፤ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣውን ክፍል ማለቱ ነው።

ዛሬ ሜክሲኮ አካባቢ ያገኘሁት ልጅ ግን ምንም ሳይፈታ መጀመሪያ ሙቀቱን አየ። የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ተጠግቷል። እዚያ ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱ ማሽኑን ያጠፋዋል። ማራገቢያውን አነሳው። ሙቀት የሚያስተላልፈው ፔስት ደርቆ፣ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። በአልኮል ጠረገውና የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሀሉ ላይ ጠብ አደረገ። አቧራውንም አራገፈ። ከዚያ ጌሙን ከፍተን ቆየን፤ ከ75 አላለፈም።

ካርዱ ደህና ነው! ዕቃ በዶላር በሚመጣበት በዚህ ጊዜ ስንቱ ወላጅ ጤነኛ ካርድ አስጥሎ ሌላ ገዝቶ ይሆን? በጣም ያናድዳል። የልጁን ስልክ ይዣለሁ፤ የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ።