ጣና የሚሞላው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው፦ ጀልባን በጎርጎራ ደጅ ማክረም

ይህን የምጽፈው ሰኔ ሲገባ ጀልባውን ከጣና አውጥቶ እስከ ጥቅምት ድረስ በደጅ ለማክረም ላሰበ ሰው ነው። እኔ የምኖረው ጎንደር ሲሆን ጀልባዬ ያለችው ከከተማው ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ጎርጎራ ነው። ጀልባዋ 7 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ወርድ ያላት፣ ከፋይበር ግላስ የተሠራች፣ ባለ አንድ ሞተር ናት፤ በበጋ ምእመናንንና ጎብኚዎችን ወደ ማንዳባ መድኃኔዓለምና በአካባቢው ወዳሉት ሌሎች ገዳማት ታመላልሳለች። በክረምት ተሳፋሪው ይቀንሳል፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ማዕበልም አያስተማምንም። ስለዚህ ጀልባዋን ማውጣት ግድ ነው። ጣሪያ ያለው ማቆያ ስላላገኘሁ የእኔዋ በደጅ ከረመች። በዚያን ጊዜ ከዚህ በታች የምጽፈውን የሚያውቅና ቃሉ የሚሰማ አንድ ሰው የጀልባ ማቆሚያውን በሚወስነው ጽሕፈት ቤት ቢኖር ኖሮ ሆዷ ባልተቀደደ ነበር።

ስለ ሞተሩ ብዙ የምለው የለኝም። ፈትቼ በንጹሕ ውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ጥቂት አስነሣሁት፤ ካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን አስጨረስሁት፤ ካንዴላዎቹን አውጥቼ በየቀዳዳቸው ጥቂት ዘይት ጠብ አደረግሁና መልሼ አሰርኋቸው። ከዚያም ጎንደር ወስጄ በቤት ውስጥ እንደ ቆመ አኖርሁት። ከሞተሩ ጋር የመጣው መመሪያ የተዘጋጀው ሐይቅ ለሚጋገርባቸው፣ ጀልባ በረዶ ተከምሮባት ለምትከርምባቸው አገሮች ነው። በእነዚያ አገሮች ዋናው ሥጋት በሞተሩ ውስጥ የቀረ ውኃ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ጨምሮ ብረቱን መሰንጠቁ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ጣና ይህ አያሠጋም። ይሁን እንጂ ከመመሪያው አንዱ ምክር ለእኛም ይሠራል፦ የማርሹን ዘይት የምትቀይሩት ጀልባውን ስታወጡ እንጂ ስትመልሱ አይሁን። የወጣው ዘይት ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ዘይት ክረምቱን ሙሉ በውስጡ ከቆየ ጥርሶቹን ያዝጋቸዋል።

ጀልባዋን ያወጣናት በአካባቢው ወጣቶች ጉልበት ነው። የባሕር ዛፍ አጣና ከሥሯ እያነጠፍን በገመድ ጎተትናት፤ የሆዷን አረንጓዴ ሳይደርቅ በብሩሽ አጠብነው። ይህም ያለ ችግር አለፈ።

ችግሩ የመጣው በቦታው ነው።

የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በዚያ ዓመት አንድ ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። ለክረምት የሚወጣ ጀልባ ሁሉ ከመሳፈሪያው አጠገብ በተለየው ሜዳ እንዲቆም፣ የሰሌዳ ቁጥሩ ከመሳፈሪያው እንዲታይ የኋላው ወገን ወደ ሐይቁ እንዲዞር፣ ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ተጠቅልሎ እንዲታሰር፣ ይህን ያልፈጸመ ባለጀልባ ደግሞ የዓመቱ ፈቃድ እንደማይታደስለት ይገልጻል። ሜዳው ከውኃው አርባ እርምጃ ያህል ይርቃል፤ ለጥ ያለ፣ ሣር የለበሰ፣ በግንቦት ላየው ሰው የሚያምር ቦታ ነው።

ከዚያ ሜዳ በላይ፣ ዳገቱ ከሚጀምርበት ላይ፣ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። በዳርቻው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደንገል ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አባት ወደዚያ ይዘውኝ ሄዱና ከዋርካው በታች ባለው የእሾህ አጥር ላይ ተጠላልፎ የደረቀ ደንገልና እምቦጭ አሳዩኝ። ያ ቆሻሻ የቀደመው ዓመት ውኃ የደረሰበትን ልክ የሚያሳይ ነበር። «ልጄ፣ ሜዳው የሐይቁ ነው፤ መስከረም ላይ መጥቶ ይረከበዋል» አሉኝ። የዋርካው ሥር የአንድ ገበሬ ይዞታ ነው፤ ገበሬውም በአነስተኛ ኪራይ ጀልባዋን ሊያስቆሙልኝ ፈቀዱ።

ይህን ይዤ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድሁ። የተሰጠኝ መልስ «ቦታው በባለሙያ የተጠና ነው» የሚል ነበር። መቼ እንደ ተጠና ስጠይቅ በግንቦት መሆኑ ተነገረኝ። ግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ ደግሞ ሐይቁ ከዓመቱ ሁሉ ዝቅ የሚልበት ጊዜ ነው። አጥሩ ላይ ያለውን ምልክት እንዲያዩ ብለምን ማመልከቻዬ የቀበሌ ደብዳቤ እንደሚያስፈልገው ነገሩኝ። ቀበሌው ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ካልጠየቀው በቀር ስለ ሐይቁ ዳርቻ መጻፍ እንደማይችል ገለጸልኝ። ተመልሼ ስሄድ ባለሙያው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ደግሜ ስሄድ መስክ ወጥተዋል። ሰኔ እያለቀ ነው፤ ጀልባዋ ዳርቻው ላይ ተጋድማለች፤ ፈቃዴ ካልታደሰ የበጋው ሥራ ይቀራል። በመጨረሻ በታዘዝሁት ሜዳ፣ በታዘዝሁት አቅጣጫ፣ እንደ ታዘዝሁት ጠቅልዬ አቆምኋት። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ነገሩ ምሥጢር አለመሆኑ ነው፤ በዳርቻው ላይ ያለ ከብት ጠባቂ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ነበር።

ሐይቁ እንዴት እንደሚሞላ የተረዳ ሰው ያንን ሜዳ አይመርጥም። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና ከእኛው ወገን የሚወርደው መገጭ ክረምቱን ሙሉ ውኃቸውን ያስገቡበታል፤ የተፈጥሮ መውጫው ግን በባሕር ዳር በኩል ያለው ዓባይ ብቻ ነው፤ በዚያም ላይ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የጨረጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ ግድብ አለ። የሚገባው ከሚወጣው እስከ በለጠ ድረስ ሐይቁ መጨመሩን አያቆምም። ስለዚህ ከፍታው ጫፍ የሚደርሰው ዝናብ በሚበረታበት በሐምሌ ሳይሆን፣ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው ልዩነት እንደ ዓመቱ ቢለያይም 1.5 ሜትር ያህል ነው። ይህ በገደላማ ዳርቻ ምንም አይደለም። ጎርጎራ ባለችበት በደምቢያ በኩል ግን መሬቱ ለጥ ያለ ነው፤ በመቶ ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ብቻ ከፍ በሚል መሬት ላይ ሐይቁ 1.5 ሜትር ሲጨምር ውኃው 150 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። አርባ እርምጃ እዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም።

ሐምሌና ነሐሴ በሰላም አለፉ። ጳጉሜን ሲያልቅ የሜዳው ጠባቂ ውልም አለቀ፤ የማስታወቂያው ጸሐፊ ክረምት ማለት ዝናብ ብቻ መስሎት ስለ ነበር የጥበቃው ገንዘብ የተያዘው እስከ ዘመን መለወጫ ድረስ ብቻ ነበር። ከመስቀል በፊት፣ ዝናቡ አባርቶ ሁሉም ሰው ሥጋቱን በተወበት ሰሞን፣ ሌሊት ከደቡብ ነፋስ ተነሣ። ጎርጎራ በሐይቁ ሰሜን ዳርቻ ያለች በመሆኗ ከደቡብ የሚመጣ ነፋስ የጣናን ርዝመት ሁሉ ተሻግሮ፣ ማዕበሉን እያሳደገ ይደርስባታል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ መታየት የጀመረው እምቦጭም በየዳርቻው ተነጥፎ ስለ ነበር ማዕበሉ ያን ሁሉ እየገፋ በጀልባዎቹ ላይ ከመረው።

ጠዋት የታንኳ ሠሪው አባት ስልክ አስደውለው «አንተ ልጅ፣ ጀልባህ እየተንሳፈፈች ነው፤ ቶሎ ድረስ» አሉኝ። ስደርስ መንሳፈፏም አብቅቶ ነበር። ውኃው የኋላዋን እያነሣ ከሥሯ ባሉት የእንጨት ታኮዎች ላይ ሲያፈርጣት አድሯል። የአፍንጫዋ ወገን ወደ ሐይቁ ቢዞር ኖሮ ማዕበሉን ከፍላ ታሳልፍ ነበር፤ ጠፍጣፋው የኋላ ግንቧ ግን እያንዳንዱን ማዕበል በሙሉ ደረቱ ተቀበለ። ሁሉም ስለ ሰሌዳ ቁጥሩ ነው። ከሆዷ ላይ ከስንዝር የሚበልጥ ስንጥቅ ተከፈተ፤ በላስቲክ የተጠቀለለች በመሆኗም የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ በውስጧ ተከማችቶ፣ ከክብደቱ የተነሣ ስንጥቁን አሰፋው።

የሆነው ነገር እንዲመዘገብልኝ ጠየቅሁ። «የተፈጥሮ አደጋ ነው» ተባልሁ። ጀልባዋን ከሜዳው ለማንሣትም ፈቃድ መጠየቅ እንዳለብኝ ተነገረኝ። ማመልከቻ አልጻፍሁም፤ በዚያው ቀን ከጎረቤቶቼ ጋር ወደ ዋርካው አወጣናት። ይህን በማድረጌ ዛሬም እኮራለሁ።

ጥገናውን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ አትቸኩሉ። አንድ ባለሙያ በማግሥቱ ሊለጥፍልኝ መጥቶ ነበር። ውኃ የጠጣ ፋይበር ግላስ ሬዚን የሚባለውን ማጣበቂያ አይዝም፤ ቢለጠፍም ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ይላቀቃል። የተጎዳውን ሁሉ ቆርጠን አውጥተን፣ ጠርዙን ሞርደን፣ በኅዳር ፀሐይ በደንብ ደርቆ ነው በየንጣፉ እየደራረብን የሠራነው። የጥቅምትና የኅዳር ገቢዬ ቀረ፤ ጎንደር በእንግዳ ለምትሞላበት ለጥምቀት ግን ደረሰችልኝ።

አሁን ወደ ሽፋኑ ልምጣ፤ በዚህም ነገር ከጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ ጋር አልስማማም። በላስቲክ አጥብቆ መጠቅለል በረዶና ደረቅ ብርድ ባለበት አገር ይሠራ ይሆናል። በእኛ ክረምት ግን ቀን ሲሞቅ በውስጥ ያለው እርጥበት ይተንናል፤ ሌሊት ሲበርድ ደግሞ በላስቲኩ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ሽፋኑን ስፈታ የመቀመጫዎቹ እንጨት ሻግቶ አብጦ፣ ቡሎኖቹ ዝገው ነበር፤ ይህም ሐይቁ ያልነካው የፊተኛው ክፍል ላይ ጭምር ነው። የጣና ታንኳ ሠሪዎች በየዕለቱ ታንኳቸውን ከውኃ አውጥተው ወደ ላይ አቁመው የሚያደርቁት ያለ ነገር አይደለም። እርጥብ ነገር የሚድነው ነፋስ ሲያገኝ ነው።

እኔ አሁን የማደርገው ከጀልባዋ በላይ የባሕር ዛፍ ማገር አግድሜ፣ በላዩ ወፍራም ሸራ እንደ ጎጆ ክዳን አሹሎ መዘርጋት ነው። ሸራው የጀልባዋን ጎን አይነካም፤ ፊትና ኋላው ክፍት ነው፤ ክዳኑ ሹል ስለሆነ ዝናቡም ሆነ በረዶው ሳያድርበት ይወርዳል። ቀጭኑን ሰማያዊ ላስቲክ አልመክርም፤ የበረዶ ናዳ ይቀደዋል፤ ከበረዶው ቢተርፍም የመስከረም ፀሐይ ያነቅዘዋል።

የማፍሰሻውን ውታፍ ደግሞ ክፈቱት። እባብና አይጥ እንዳይገባ ዝጋው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ለዚያ ቀዳዳው ላይ የሽቦ ወንፊት ማሰር ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ በጎንደር አካባቢ በወር እስከ 300 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሊጥል ይችላል። እንደ እኔዋ 14 ካሬ ሜትር አፍ ያላት ጀልባ ሸራዋ ቢገለጥ በአንድ ወር 4,200 ሊትር፣ ማለትም ከአራት ቶን በላይ ውኃ ትቀበላለች ማለት ነው። ይህን ክብደት የሚችል ታኮ የለም። አፍንጫዋን ከኋላዋ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጉ፤ ውኃው ራሱ መውጫውን ያገኛል።

ስለ ታኮው፦ ክብደቷ ሁሉ የሚያርፈው በመሃል አከርካሪዋ ላይ መሆን አለበት፤ በግራና በቀኝ የሚቆሙት ድጋፎች እንዳትጋደም ከመያዝ በቀር ሸክም አይሸከሙም። የደምቢያ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ይሰምጣል፤ በሰኔ የተስተካከለ ታኮ በነሐሴ የተዛባ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በላዩ ወፍራም ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ደግሞ አሮጌ ጎማ አድርጉ፤ ክሪክም በአቅራቢያ ይኑራችሁ፤ በየጊዜው እየሄዳችሁ አስተካክሉ። ከጎንደር ጎርጎራ መመላለሱ አድካሚ ነው፤ ሆኖም ይህን ለሌላ ሰው አደራ አልሰጥም።

ባለፈው ሰኔም ጀልባዬን ያቆምኋት ከዋርካው ሥር ነው፤ አፍንጫዋ ወደ ሐይቁ ዞሮ፣ ከፊትም ከኋላም በገመድ ከግንዱ ጋር ታስራለች። ውኃው እስከ እሾህ አጥሩ መጥቶ ቆመ። ለጠባቂው የምከፍለው ጥቅምት እስኪያልቅ ነው፤ ለገበሬው ኪራይም እንዲሁ። ሜዳው ላይ ማስታወቂያው አሁንም ተለጥፏል። እዚያ ጀልባችሁን እንድታቆሙ ከታዘዛችሁ የቀደመውን ዓመት ደንገል በአጥሩ ላይ ፈልጉ፤ ፎቶ አንሡት፤ ማመልከቻችሁን ከፎቶው ጋር በሁለት ቅጂ አስገብታችሁ አንዱ ላይ ማኅተም አስደርጉና ያዙ። መልሱን ግን አትጠብቁ፤ ጀልባችሁን ሰኔ ሳያልቅ ከምልክቱ በላይ አውጧት።