ከናይለን ወደ አንጀት፦ የአምስት ወር የበገና ማስታወሻ

ባለፈው ክረምት ለእናንተ ለበገና ክፍል ጓደኞቼ በሙሉ ልብ የተናገርኩትን ቃል ዛሬ መመለስ አለብኝ። «የአንጀት አውታር ጊዜው አልፎበታል፤ ናይለን እርጥበት አይፈራም፣ አይበጠስም፣ አንዴ ከተቃኘ ሳምንት ይቆያል» ብዬ ነበር። ሁለታችሁ ሰምታችሁኝ ቀየራችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ በጥር መጨረሻ አሥሩንም አውታር ወደ በግ አንጀት መልሻለሁ። የሚገርመው ያስመለሰኝ በገና አይደለም።

ነገሩ የተጀመረው የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ስለ አንድ ዝግጅት ሲነግረኝ ነው። መሃል ከተማ ባለ የባህል ማዕከል አዳራሽ ከጥቅምት እስከ ጥር በየወሩ አንድ ምሽት የክላሲካልና የቀደምት የአውሮፓ ሙዚቃ ይቀርባል። መግቢያው በነጻ ነው። ነጻ ያልሆነው መንገዱ ነው። ቱሉ ዲምቱ ለሚኖር ሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል የሚጀምር ኮንሰርት ማለት ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሰልፍ ማለት ነው፤ መጀመሪያ እስከ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ደግሞ ሌላ ታክሲ፣ ሌላ ሰልፍ። የመመለሻው ነገር አይነሳ።

የኅዳሩን ምሽት ግማሽ በልቶብኝ የቀረው ይኸው ሰልፍ ነው። የደረስኩት ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ (ወንበር ላይ ተቀምጠው በቀስት የሚጫወቱት ትልቁ የቫዮሊን ዘመድ) የያዙ አራት ወጣቶች የሙዚቃ ደራሲውን የሃይድንን ሥራ ሲያገባድዱ ስለነበር ብዙ የምለው የለኝም። በታኅሣሥ ደግሞ ሃርፕሲኮርድ ይቀርባል ተብሎ በኤሌክትሪክ ኪቦርድ ተተካ። ሃርፕሲኮርድ ቁልፉ ሲጫን ከወፍ ላባ ዘንግ የተቀረጸች ትንሽ መምቻ አውታሩን ቆንጥጣ የምትለቅበት መሣሪያ ነው። ኪቦርዱ ድምፁን እንጂ ቁንጥጫውን አላመጣም። እየሰማሁ «ይህ ነገር ከማን ጋር ይመሳሰላል?» ስል ቆየሁ። መልሱን ያገኘሁት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጥቅምት ልመለስ። አንድ ወንበር፣ አንድ ሰው፣ አንድ ቼሎ። መሣሪያው እንደ ዛሬው ቼሎ ከሥሩ ወለል ላይ የሚቆም ብረት የለውም፤ ተጫዋቹ በሁለት ባቶቹ መካከል አጥብቆ ይይዘዋል። አውታሮቹም አንጀት ናቸው፤ ወፍራሞቹ ላይ ብቻ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞባቸዋል። የተጫወተው ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ (1685–1750) ለቼሎ ብቻ ከጻፋቸው ስድስት ስዊቶች ሦስቱን ነው። እያንዳንዱ ስዊት ስድስት ክፍል አለው፤ አንድ መግቢያና ከእርሱ በኋላ ተከታትለው የሚመጡ የዳንስ ዓይነቶች። ይህን የማላውቀው እኔ የመጀመሪያው መግቢያ እንዳለቀ አጨበጨብኩ። ብቻዬን። ፊት የተቀመጡት ዞረው ያዩኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ይታየኛል። በኋላ ሳነብ በ18ኛው መቶ ዘመን አድማጩ በየክፍሉ መካከል ያጨበጭብ እንደነበር፣ ትንፋሽ ውጦ እስከ መጨረሻው የመጠበቁ ሥርዓትም ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጣ መሆኑን አወቅሁ። ትንሽ ተጽናናሁ።

ልቤን የወሰደው ግን ሌላ ነው። አንዱ ስዊት አልቆ ሌላው ከመጀመሩ በፊት ሰውየው ቆም ብሎ ይቃኛል። በጥድፊያ አይደለም። ጆሮውን ወደ መሣሪያው አንገት ያስጠጋል፣ የመቃኛውን ቁልፍ እንደ እንቁላል በጣቱ ይዞ ጥቂት ያዞራል፣ ይሰማል፣ መልሶ ያላላል። አዳራሹ በሰው ትንፋሽ ስለሞቀ አንጀቱ ከቅኝቱ ሸሽቶበታል። እኔ ቤቴ ውስጥ ይህ ሲገጥመኝ «ተበላሸ» ብዬ በገናውን ግድግዳው ላይ እሰቅለው ነበር። እርሱ አልተናደደም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። ሦስት ደቂቃ ያህል እኛም ቁጭ ብለን ሲቃኝ ሰማነው። ዮሐን ማቴሶን የሚባል ጀርመናዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1713 ሉት ስለሚባለው የአንጀት አውታር መሣሪያ ሲቀልድ፣ ሰማንያ ዓመት የኖረ የሉት ተጫዋች ስድሳውን ዓመት የፈጀው ሲቃኝ ነው ብሏል። ሰውየው ስለ እኛም የጻፈ ነው የመሰለኝ።

የጥር ወሩ ምሽት ግን ለብቻው ነው። ሴትዮዋ ይዛ የወጣችው ሃርፕ ቁመቱ ከወገቧ አይበልጥም። የመጀመሪያውን አውታር ስትነካው አዳራሹ ውስጥ ንብ የገባ መሰለኝ። ዝዝዝ የሚል ድምፅ ዜማውን ተከትሎ ይሄዳል። ከጎኔ የነበረው ሰው የተበላሸ መስሎት ወደ ድምፅ ማጉያው ዞረ። ድምፅ ማጉያ ግን አልነበረም፤ ከታኅሣሡ ኪቦርድ በቀር በሌሎቹ ምሽቶች ከሁሉ በላይ የወደድኩላቸው ይህንኑ ነው። ተጫዋቿ እንዳስረዳችን ይህ ከ15ኛው እስከ 17ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ የታወቀ የሃርፕ ዓይነት ሲሆን ብሬይ ሃርፕ ይባላል። በእያንዳንዱ አውታር ሥር እንደ ክርን የታጠፈች ትንሽ የእንጨት ችካል አለች። ችካሏ አውታሩን ሳጥኑ ላይ ቆልፋ ትይዛለች፤ ጫፏ ደግሞ አውታሩን ለጥቂት ትነካዋለች፤ ዝዝታው ከዚያ ይወጣል። ስሙም የመጣው ከአህያ ማናፋት ነው። ሕዝቡ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ የገዛ በገናዬን እንዚራዎች (ከአውታሩ ሥር ገብተው ዝዝታውን የሚያወጡትን የቆዳ ቁራጮች) ሁለት ዓመት ሙሉ «ድምፁ ይጥራ» እያልኩ ዝም ሳሰኛቸው እንደኖርኩ ትዝ አለኝ። የታኅሣሡ ኪቦርድ ይመሳሰል የነበረውም ከዚያው ዝም ከተሰኘ በገናዬ ጋር ነው።

ሲያልቅ ታክሲውን ረስቼ ወደ መድረኩ ሄድኩ። በስልኬ ላይ ያለውን የመምህራችንን የበገና ቅጂ አሰማኋት፤ በበርኩማው (አውታሮቹ በሚያርፉበት ድልድይ) እና በአውታሩ መካከል የምትገባውን የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራዋንም በወረቀት ሣልኩላት። «ቆዳ? እንጨት አይደለም?» እያለች ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ከዚያ አንዷን ችካል እንዳዞር ፈቀደችልኝ። የፀጉር ያህል ብትንቀሳቀስ ዝዝታው ይሞታል፤ ስትመልሳት ይነሣል። እንዚራን በጥፍሩ ሲገፋ የኖረ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። በዚያ ዘመን የድምፁ ከፍታ ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር። ዛሬ የባሮክ ሙዚቃ (የባኽ ዘመን የአውሮፓ ሙዚቃ) የሚጫወቱ ብዙዎቹ ላ የምትባለውን ኖታ 415 ኸርዝ (በሰከንድ 415 ንዝረት) ላይ ያደርጓታል፤ የተለመደው 440 ነው። እኔ ደግሞ በገናዬን በስልክ መቃኛ 440ን ይዤ ስቃኝ ነው የኖርኩት! በገና የሚቃኘው በደርዳሪው ድምፅ ልክ መሆኑን መምህራችን ስንት ጊዜ ነግረውናል፤ «ስልኩን አስቀምጥና አፍህን ክፈት» ያሉኝም ለዚህ ነው። ከሩቅ አገር የመጣች ሴት እስክትነግረኝ አልገባኝም።

ከመምህራችን አንጀት ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን ሁለት በጠስኩ። አንዱን የበጠስኩት የመቃኛውን እንጨት በአንድ ትንፋሽ ስላዞርኩት ነው። ሌላው የበርኩማው ጠርዝ ስለታም ስለነበር ተላገ፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ከአሥሩ የምንመታቸው ስድስቱን ቢሆንም የጣት ማረፊያ የሆኑትንም በአንጀት ቀየርኳቸው፤ ግማሹን ናይለን መተው ዓይኔ እንቢ አለኝ። መጀመሪያ ቀን ለመቃኘት 50 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ በማግስቱ ስነሣ ሁሉም ወርደው አገኘኋቸው። አዲስ አንጀት ተለጥጦ እስኪረጋ ድረስ ይህ እንደማይቀር ስላወቅሁ አልተቆጣሁም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ 20 ደቂቃ ይበቃኝ ጀመር።

እንዚራውን ያስተካከልኩት ከሁሉ በኋላ ነው። አንዱን አውታር እመታና ዝም ብዬ እሰማለሁ። ዝዝታው ዜማው ሳያልቅ ቀድሞ ከሞተ እንዚራውን በጥፍሬ ትንሽ እገፋለሁ፣ እንደገና እመታለሁ። ድምፁና ዝዝታው አብረው ሲጠፉ እተወዋለሁ። ለአንዱ አውታር ሩብ ሰዓት የፈጀሁበት ምሽት አለ።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከታች ፎቅ የሚኖሩት እማማ ደረጃ ላይ አገኙኝ። «ልጄ፣ ያ በገናህ ጉንፋን ይዞት ነበር እንዴ? አሁን ድምፁ ተከፈተለት» አሉኝ። ናይለን እንደነበር አልነገርኳቸውም።

ስምንተኛው አውታር ግን አሁንም ያስቸግረኛል። ማታ ቃኝቼው ስተኛ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ የሚወርደው እርሱ ነው፤ አንጀቱ ሳይሆን ከመቃኛው ሥር ቀንበሩ (ከላይ ያለው አግዳሚ እንጨት) ላይ ያለው ቆዳ አልቆ ይመስለኛል። ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ። ትርፍ የቆዳ ቁራጭ ያላችሁ ይዛችሁልኝ ኑ፤ ናይለን ያስገባኋችሁ ሁለታችሁም በገናችሁን አትርሱ፣ አብረን እንፈታዋለን።