ካርታ ለማንበብ ብዬ ጌሊክ ስማር፤ ስድስተኛ ወር

ጌሊክ የሚባለውን የስኮትላንድ ነባር ቋንቋ እየተማርኩ ነው ስላችሁ አትሳቁ። ለማውራት አይደለም። የምኖረው ኢንቨርነስ፣ ሰሜን ስኮትላንድ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ እወጣለሁ። የያዝኩት ካርታ ላይ ያለው ስም አብዛኛው ጌሊክ ነው። የማላነበውን ካርታ ይዤ መዞር ሰለቸኝ።

ከከተማዬ ጀመርኩ። «ኢንቨር» ወንዝ ባሕር ወይም ሐይቅ የሚገባበት አፍ ነው። ኢንቨርነስ የነስ ወንዝ አፍ ማለት ነው። ይኼ ቀላሉ ነው።

ያስቸገረኝ መዝገበ ቃላቱ ነበር። «ቤን ቮር» የሚል ተራራ አገኘሁ። ቤን ተራራ ነው፤ እሺ። «ቮር» ግን ብፈልግ ባፈላልግ የለም። ለካ ቃሉ «ሞር» ነው፣ ትልቅ። ቤን አንስታይ ፆታ ስለሆነች ቅጽሉ እሷን ሲከተል መነሻ ድምፁ ይላላል፤ ም ወደ ቭ ይሄዳል። እኛስ «አስበላ»ን «በላ» ሥር አይደል የምንፈልገው? ይህ ከገባኝ ወዲህ ግማሹ ካርታ ተከፈተልኝ።

ከዚያ ተዋረድኩ። ከቤን ኔቪስ ተራራ በስተምሥራቅ ኡናኽ ሞር እና ኡናኽ ቤክ የሚባሉ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ፤ ትልቁ ሸንተረርና ትንሹ ሸንተረር። ትልቁን ወጣሁ ብዬ ጉራዬን ስነዛ የሥራ ባልደረባዬ ካርታዬን ነጥቆ ቁጥሩ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ትልቁ 1221 ሜትር፣ ትንሹ 1234! ለካ «ሞር» እዚህ ጋ ግዝፈት እንጂ ከፍታ አይደለም። ስም ያወጡት ሰዎች ሜትር አልያዙም። ጀርባው የሰፋውን አይተው ትልቅ አሉት፣ በቃ።

ቀለም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኬርንጎርም በሚባለው ተራራ ስም ላይ ያለው «ጎርም» ሰማያዊ ተብሎ ይተረጎማል፤ የለመለመ ሣርም ግን ጎርም ነው። እንግሊዞች ሰማያዊ የሚሉትን ዓባይ እኛ ጥቁር ዓባይ እንል የለ? ይባስ ብሎ በዚያው ተራራ ስም የሚጠራው ሰንሰለት በጌሊክ «ሩአ» ተራሮች ነው የሚባለው። ሩአ ቀላ ያለ ቡኒ ነው፤ ፈረስ ቢሆን ዳማ የምንለው። ድንጋዩ ቀላ ያለ ግራናይት ስለሆነ ስሙ ልክ ነው።

እስካሁን የወደድኩት ግሌንኮ የሚባለው ሸለቆ ጫፍ ላይ የቆመውን ተራራ ነው፤ ስሙ «የኢቲቭ ታላቅ እረኛ» ነው። ጎኑ ትንሹ እረኛ አለ። ከመንገዱ ሲያዩት እውነትም ከብቱን እያየ የቆመ ይመስላል።

አነባበቤ ግን ገና ነው። ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ላይ «ኪንጉሲ» ብዬ ቲኬት ጠየቅኩ። ሾፌሩ ፈገግ ብሎ «ኪንዩሲ» አለኝ። የጥድ ደኑ ራስ ማለት ነው፤ ትርጉሙንስ አውቀው ነበር።

አሁን የያዝኩት «አሪ» የሚለውን ቃል ነው። በበጋ ከብት ይዘው ወደ ላይ ሲወጡ የሚያድሩባት ጎጆ ናት። ካርታዬ ላይ አምስት ቦታ አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ዝናቡ ከተወኝ አንዱ ጋ ሄጄ የድንጋይ መሠረቱ ይታይ እንደሆነ አያለሁ።