ትልቅ ሰው የአንበሳ ልብስ ለብሶ መናፈሻ መግባት ይከልከል?

ባሕር ዳር ውስጥ የልደትና የትያትር ልብስ እሰፋለሁ። አብዛኛው ሥራዬ የልጅ ነው፦ ንብ፣ ቢራቢሮ፣ ጥንቸል፣ ዘውድ የደፋች ልዕልት። አልፎ አልፎ ግን እናት ወይም አባት ይመጣና «ከልጄ ጋር አንድ ዓይነት ስፊልኝ» ይለኛል። ከሁሉም ሥራዬ ይህን ነው የምወደው። እኛ ጋ ወላጅ ልጁን ያበላል፣ ያስተምራል፣ ይቆጣል፤ አብሮት ሲጫወት ግን ብዙ አይታይም። አንድ አባት የቀጭኔ ጆሮ አድርጎ ከልጁ ጋር ከሱቄ ሲወጣ ሳይ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ።

ባለፈው ጥር አንዲት ደንበኛዬ ለልጇ አምስተኛ ዓመት ልደት ሁለት የአንበሳ ልብስ አሰፋች፤ አንዱ ለልጅቷ፣ አንዱ ለራሷ። የእሷ ቡናማ ቀሚስ ነው፣ ጎፈሩን ደግሞ ሻሽ ላይ ነው የሰፋሁላት። ፊቷ ወለል ብሎ ይታያል። ሐይቁ ዳር ካሉት መዝናኛዎች ወደ አንዱ አብረን ሄድን። በሩ ላይ ጥበቃው ልጅቷን «አንበሲት፣ ግቢ» ብሎ በፈገግታ አሳለፋትና እናትየውን አስቆማት።

«እህቴ፣ ትልቅ ሰው እንዲህ ለብሶ አይገባም።»

«የት ተጽፏል?»

«ተብሏል።»

ማን እንዳለ፣ መቼ እንደተባለ፣ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጎፈሯን አውልቃ ፌስታል ውስጥ ከተተችው። ልጅቷ ግራ ገብቷት እናቷን ቀና ብላ እያየች «እማ፣ አንቺስ?» ስትላት አንጀቴ ተላወሰ።

ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ብዙም ሳይቆይ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በካርቱን ልብስ የተሸፈነ ሰው በየጠረጴዛው መዞር ጀመረ። ልጆችን ያነሳል፣ ያቅፋል፣ ፎቶ ያስነሳል፣ ከዚያ ለወላጅ እጁን ይዘረጋል። የቤቱ ሠራተኛ ነው? የውጭ ሰው ነው? አንዷን አስተናጋጅ ብጠይቃት «ሁሌ ይመጣል» ብቻ አለችኝ። ስሙን የሚያውቅ አላገኘሁም። ያ ጥበቃ ፊቷ የሚታየውን እናት አስቁሞ ፊቱ የማይታየውን ሰው አሳልፏል። እዚህ ጽሑፍ ላይ ያስቀመጠኝ ይኸው ነው።

ክልከላ ራሱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በዚህ ጉዳይ የታወቀው ደንብ የካርቱን ፊልምና የመዝናኛ መናፈሻ ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ድርጅት የዲዝኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በካሊፎርኒያ አናሃይም፣ በ1971 ደግሞ በፍሎሪዳ የተከፈቱት መናፈሻዎቹ ዕድሜው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነን እንግዳ የገጸ ባሕርይ ልብስ ወይም ጭምብል አድርጎ አያስገቡም። 13 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ይችላል፤ ጭምብል ካደረገም ፊቱን ሙሉ በሙሉ መሸፈን የለበትም፣ ዓይኑም መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2015 ላይ ጥበቃው ሲጠብቅ የብረት መፈተሻ ተጨመረ፣ የአሻንጉሊት ጠመንጃ መሸጥ ቀረ፤ 14 ዓመት የሞላቸው እንግዶች እንዲህ ለብሰው እንደማይገቡም በዚያው ተነገረ።

ክልከላው ግን በር አለው። ሃሎዊን በሚሉት በዓል ሰሞን በተለየ ትኬት በሚገባበት የማታ ድግስ ትልልቅ ሰዎችም ለብሰው ይገባሉ። ጭምብል አይፈቀድላቸውም። ካባ ከሆነ ከወገብ በታች አይወርድም፣ ልብሱ መሬት አይጎትትም፣ እውነተኛ መሣሪያ የሚመስል ነገር አይያዝም። ከሁሉ ደጋግሜ ያሰብኩበት ደግሞ ይህ ነው፦ ገጸ ባሕርይ መስሎ የለበሰ እንግዳ ሌሎች እንግዶች ፎቶ እንዲያነሱት መቆምም ሆነ ፊርማ መፈረም አይችልም።

እዚህ ላይ ነው ምክንያቱ የሚገባን። ልጅ የዲዝኒዋን አይጥ ሚኪ ማውስን ሲያይ ከእናቱ እጅ ይወጣል፤ ሮጦ ሄዶ ያቅፈዋል። ያንን ልጅ የሚያቅፈው ሰው ማን እንደሆነ ቤቱ ማወቅ አለበት። እዚያ ልብሱን የሚለብሰው የተቀጠረና የሠለጠነ ሠራተኛ ነው፤ ሙሉ ጭንቅላት፣ ማለትም የገጸ ባሕርዩን ትልቅ ራስ፣ የሚያጠልቁት ከእንግዳ ጋር አያወሩም፣ አጠገባቸውም አጃቢ ይቆማል። ሌላ ትልቅ ሰው ያንኑ መስሎ ከገባ ልጁ መለየት አይችልም። ደንቡ የቆመው ለዚያ ልጅ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም አከብረዋለሁ።

አጃቢው ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ጭንቅላቱን የሠራ ሰው ነው። እኔ የምሠራው ከፍራሽ ስፖንጅ ነው። ስፖንጁን በቢላ እየቀረጽኩ ቅርጹን አወጣለሁ፣ በማስቲሽ አጣብቃለሁ፣ ከላይ ጸጉራም ጨርቅ አለብሰዋለሁ። ለባሹ የሚያይበት ቦታ የአንበሳው ዓይን እንዳይመስላችሁ፤ ዓይኑ ለባሹ ግንባር ላይ ነው የሚውለው። የሚያየው በአፉ ነው። አፉ ውስጥ ቀዳዳው ደቀቅ ያለ ጥቁር መረብ ጨርቅ ወጥሬ እሰፋለሁ፤ ከውጭ ሲያዩት የጨለመ ጉሮሮ ነው፣ ከውስጥ ግን ያሳያል። ያውም ፊት ለፊት ያለውን ብቻ። እግሩ ሥር የቆመ የሦስት ዓመት ልጅ አይታየውም፤ ደረጃም አይታየውም። ልጁ የአንበሳውን ዓይን እያየ ያወራል፣ ሰውየው ግን ልጁን የሚፈልገው በአንበሳው አፍ ነው። ድምፅ በስፖንጁ ውስጥ ታፍኖ ነው የሚደርሰው፤ «ልጄን ልቀቀው» የምትል እናት ሁለቴ መጮኽ ይኖርባታል። በዚህ ላይ የመጋቢትና የሚያዝያን የባሕር ዳር ሙቀት ጨምሩበት። ራሴ ለልክ አጥልቄው ጥቂት ስቆይ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ መጥረጊያ መንገድ አጥቻለሁ፤ እጄም ጓንት ውስጥ ነው፣ ፊቴም ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን በልጆች መሃል፣ ያውም ውኃ ዳር፣ መዞር የለበትም።

ዕድሜው ላይ ግን ከዲዝኒ ጋር አልስማማም፤ ቢያንስ ለእኛ አይሆንም። እዚያ በአንድ ቀን ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ይገባል፤ ቤቱም የራሱ ገጸ ባሕርያት አሉት፣ እነሱን ከሚመስል እንግዳ መለየት ግዴታው ነው። የጣና ዳር መናፈሻዎቻችን የራሳቸው ሚኪ የላቸውም። አንበሳ የለበሰች እናት ከማን ጋር ትምታታለች?

ደግሞስ ትልቅ ሰው ለክብርና ለደስታ ያልተለመደ ነገር ቢለብስ ለአገራችን እንግዳ ነው? አርበኞቻችን ሚያዝያ 27 በድል በዓል የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ሲሰለፉ እያየን አይደል ያደግነው? ቅዳሜና እሑድ ሐይቁ ዳር ብትወጡ ሙሽሮች በወርቅ ጥልፍ ያጌጠ ካባ ደርበው፣ ሚዜዎቻቸውን አስከትለው በዘንባባው ሥር ፎቶ ይነሳሉ። ካባው መሬት ይነካል። በዲዝኒ የወገብ ልክ ከሄድን ሁሉም ተመላሽ ናቸው። እኛ ግን እልል ብለን ነው የምናሳልፋቸው፤ ፊታቸውን እናያለንና፣ የእነ ማን ልጆች እንደሆኑም ከኋላ የሚጨፍረው ዘመድ ይነግረናል።

ስለዚህ መስመሩ መሰመር ያለበት ፊት ላይ ነው። አንድ የመናፈሻ ባለቤት ይህን ስነግራቸው «የኔ ልጅ፣ በዚህ ጊዜ ፊቱን የሸፈነ ሰው በር ላይ ሲመጣ ጥበቃው ምን ያድርግ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ባለፉት ዓመታት ያሳለፍነውን እናውቃለን፤ ፊቱን ሸፍኖ የሚመጣ ትልቅ ሰው ማንንም ያስደነግጣል። እንግዳ ሆኖ የመጣ ትልቅ ሰው ጭምብል ይከልከል፣ እስማማለሁ። ጎፈር፣ ጆሮ፣ ክንፍ፣ ጅራት፣ ቀለም የተቀባ አፍንጫ ግን ምን አደረገ? እዚያው አሜሪካ እንኳ መከልከሉን ያዩ ትልልቆች ዲዝኒባውንዲንግ የሚሉት መላ አላቸው፦ የሚወዷትን ገጸ ባሕርይ ቀለም በዘወትር ልብስ ይለብሳሉ፤ ለምሳሌ ለልዕልት ስኖው ዋይት ቢጫ ጉርድ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ቀይ የጸጉር ማሰሪያ፣ የሚያውቅ ያውቃታል። ይህ አይከለከልም። የደንበኛዬም ልብስ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ለዚያው ባለቤት በአንድ ገጽ ጽፌ የሰጠኋቸውን እዚህም ልድገመው። ደንቡ በር ላይ በአማርኛ ይለጠፍ፤ ጥበቃውም «ተብሏል» ከማለት ወደ ወረቀቱ ይጠቁም። ሙሉ ጭንቅላት የሚያጠልቅ ሰው የቤቱ ቅጥር ወይም ልደት ያዘጋጀው ቤተሰብ ያመጣው ይሁን፣ ሲገባ ጭንቅላቱን አውልቆ መታወቂያውን አሳይቶ ይመዝገብ፣ አጃቢውም ፊቱ የሚታይና ስሙ ደረቱ ላይ የተጻፈ ይሁን። ልጅ ከመሬት አያንሳ፤ ልጁ ራሱ ከመጣ ይንበርከክለት። ከፎቶ በፊት ወላጅ ይጠየቅ፣ ገንዘብ ካለውም ዋጋው ቀድሞ ይነገር። ባለቤቱ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። መለጠፉን አላየሁም፣ ግን ደጋግሜ እጠይቃቸዋለሁ።

በዚህ መሃል በእኔ እጅ ያለውን እያደረግሁ ነው። ሙሉ ጭንቅላት የሚያዝ ሰው አጃቢውን ይዞ ካልመጣ ልብሱን አላስረክብም። አጃቢው እዚያው ሱቅ ውስጥ ጭንቅላቱን ያጠልቃል፤ እኔ ደግሞ ዝቅተኛዋን በርጩማ እግሩ ሥር አስቀምጥና «ወደ እኔ ና» እለዋለሁ። እስካሁን ሳይደናቀፍባት የመጣ የለም። ከዚያ በኋላ ስለ አጃቢ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እናንተም በጎንደር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በአዲስ አበባ ይህን ልብስ የምትሰፉ ካላችሁ፣ የአፉን መረብ ወደ ታች ዘለግ አድርጉት፤ አገጩ ድረስ ቢወርድ ከውጭ አያስታውቅም፣ ከውስጥ ግን የልጁን ጸጉር ያሳያል።