ብሌዱ የሚለውጠውን መሬት መከታተል፦ ከዶዘር ሥራ የተማርኩት

መኪና የሚነዳ ሰው ሌሎች በሠሩለት መንገድ ላይ ይሄዳል። የዶዘር ኦፕሬተር ግን የሚቆምበትን መሬት ራሱ እየቆረጠ፣ ራሱ እየሞላ ይውላል። ጠዋት ጠንካራ የነበረው ቦታ ከሰዓት በኋላ ልቅ ሙሌት ይሆናል፤ ሜዳ የነበረው ገደል ያወጣል። ስለ ዶዘር ደህንነት ልናገር የምችለው ነገር አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል። ማንሻና ፔዳል መልመድ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ብሌዱ፣ ማለትም ከፊት ያለው አፈር የሚገፋው ሰፊ ብረት፣ በየደቂቃው የሚለውጠውን መሬት መከታተል ግን ዛሬም ያደክመኛል።

ሥራውን ያስተማሩኝ አንጋፋ ኦፕሬተር መጀመሪያ ላይ ወንበሩ ላይ አላስቀመጡኝም። በየማለዳው የሥራ ቦታውን በእግራችን እንዞራለን፤ እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። ሌሊት የዘነበው ውሃ በየት ወረደ? ትናንት የደፋነው አፈር ከየት ይጀምራል፣ የት ያልቃል? ይህ ስንጥቅ ትናንት ነበረ? የቀያሹ ችካል ለምን ዘመመ? ልቤ ማሽኑ ላይ ስለነበረ ጥያቄው ይሰለቸኝ ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ መቼ ነው የምነዳው?» አልኳቸው። «መሬቱን ሳታውቀው ብትነዳ ምን ይረባሃል ልጄ፤ ወንበሩ ላይ ከወጣህ በኋላ እኮ ግማሹ አይታይህም» አሉኝና ወደሚቀጥለው ችካል አለፉ።

እውነታቸውን ነበር። ከወንበሩ ሲታይ ከብሌዱ ፊት ያለው መሬት በብሌዱ ይጋረዳል፤ ከኋላ ሪፐሩ (ጠንካራ መሬት የሚሰነጥቀው የብረት ጥርስ) እና የነዳጅ ጋኑ ይከልሉታል። ስለዚህ ኦፕሬተሩ የሚሠራው በአብዛኛው በትዝታ ነው፤ በእግሩ ዞሮ ያላየውን ነገር ደግሞ ሊያስታውሰው አይችልም።

ከመሬቱ ቀጥሎ ማሽኑ ይታያል። የሞተር ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ የሃይድሮሊክ ዘይት፣ የሰንሰለቱ ብሎኖች፣ መብራትና ክላክስ የሚታወቁ ናቸው፤ አልዘረዝራቸውም። ሁለት ነገሮች ላይ ግን ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። አንደኛው የሃይድሮሊክ ቱቦ ነው። ዘይት ሲያፈተልክ ቀዳዳውን በእጅ መዳሰስ ፈጽሞ አይገባም። በከፍተኛ ግፊት ከመርፌ ቀዳዳ በማይበልጥ ሽንቁር የሚወጣ ዘይት ጓንቱንም ቆዳውንም በስቶ ይገባል። የገባበት ቦታ ትንሽ ነቁጥ ስለሚመስል ተጎጂው ችላ ይለዋል፤ ነገር ግን አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ጉዳት ነው፤ ከዘገየ እጅ ያሳጣል። እኔ ካርቶን አስጠግቼ ነው የምፈልገው። ሁለተኛው የሰንሰለቱ መወጠሪያ ነው። ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዘው ሲሊንደር ውስጥ የታመቀ ግራሶ ነው። ለማላላት ሲፈለግ ቫልቩ ቀስ ተብሎ፣ ከአንድ ዙር ሳያልፍ ይፈታል፤ ፊትንም ከቫልቩ ትይዩ ማድረግ አይገባም። ጫካ በሚመነጠርበት ቦታ ደግሞ በሞተሩ ዙሪያና ከሆዱ በታች የሚጠራቀመውን ደረቅ ቅጠልና ጭራሮ በየቀኑ አስወግዳለሁ፤ የጋለ የጭስ ማውጫ አጠገብ የተቀመጠ ማገዶ ማለት ነውና።

ስወጣና ስወርድ ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞራለሁ፤ ሁለት እግርና አንድ እጅ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር ምንጊዜም ማሽኑን ይይዛሉ። ጫማዬ ላይ ጭቃ ካለ አስቀድሜ አራግፈዋለሁ። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ዶዘሩ ሳይንቀሳቀስ ሰው የሚጎዳበት አንዱ መንገድ ከሰንሰለቱ ላይ መዝለል ነው።

የደህንነት ቀበቶ ላይ ከብዙ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተከራክሬያለሁ። «ቢገለበጥ ዘልዬ እወርዳለሁ» የሚል ኦፕሬተር ሞልቷል። በወንበሩ ዙሪያ ያለው የብረት መከላከያ የተሠራው ማሽኑ ሲገለበጥ ኦፕሬተሩ የሚተርፍበት ክፍት ቦታ እንዲቀር ነው፤ ጥንካሬው የሚለካበት አይኤስኦ 3471 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃም አለው። ነገር ግን የሚያድነው ከውስጡ ያለውን ሰው ብቻ ነው። ቀበቶ ያላሰረ ሰው ማሽኑ ሲዘም ወደ ውጭ ይወረወርና ያ ሊያድነው የቆመ ብረት ራሱ ይጫነዋል። እዚያ ብረት ላይ የመብራት ወይም የማራገቢያ ማሰሪያ ለመበየድና ለመብሳት የሚፈልግ መካኒክ ካለም እምቢ ማለት ያስፈልጋል፤ አንድ ብየዳ የብረቱን ጥንካሬ ሊያበላሸው ይችላል።

ከመኪና ወደ ዶዘር የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚደናገረው በፔዳሉ ነው። በአብዛኞቹ ዶዘሮች ላይ የሞተሩ ፍጥነት አስቀድሞ ከፍ ተደርጎ ይቀመጣል፤ የቀኝ እግር ፔዳል ሲረገጥ የሞተሩ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሲለቀቅ ይጨምራል። የመኪና ሹፌር ግን ሲደነግጥ እግሩን የሚያነሳው ማሽኑ ይቀዘቅዝልኛል ብሎ ነው። በድንጋጤ ጊዜ እግር አእምሮን አይጠብቅም። ስለዚህ መምህሬ ሰውም ገደልም በሌለበት ሜዳ ላይ በባዶ ብሌድ እየነዳሁ እንድውል አደረጉኝ። ድንገት «ቁም!» ይሉኛል፤ እግሬ ሳይጠይቀኝ እስኪታዘዝ ድረስ።

በፍሪሲዮንና በፍሬን የሚታጠፉ የቆዩ ዶዘሮች ደግሞ የባሰ ጠባይ አላቸው። ሜዳ ላይ የቀኙን ፍሪሲዮን ብታላቅቅ፣ ማለትም የቀኙን ሰንሰለት ከሞተሩ ብትለየው፣ የግራው ሰንሰለት ብቻውን ስለሚገፋ ማሽኑ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ቁልቁል ላይ ግን ሞተሩ መግፋቱን ትቶ ማሽኑን መያዝ ይጀምራል። ያኔ የቀኙን ስታላቅቅ የቀኙ ሰንሰለት ነጻ ሆኖ ይፈጥናል፣ የግራው በሞተሩ ተይዞ ይዘገያል፤ ማሽኑም ወደ ግራ ይዞራል። ብሌዱ ሙሉ ከሆነ ጭነቱ ማሽኑን ስለሚይዘው ቁልቁለትም ላይ እንደ ሜዳው ሊታጠፍ ይችላል። ጭነቱ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲፈስ ግን ጠባዩ በዚያው ቅጽበት ይገለበጣል፤ ከሁሉ ቦታ መርጦ አፋፉ ላይ። እኔ ቁልቁለት ከመጀመሬ በፊት ማርሼን መርጬ፣ አቅጣጫዬን አስተካክዬ እገባለሁ፤ መሐል ላይ ማርሽ አልቀይርም፤ በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) መውረድ ደግሞ የማይታሰብ ነው።

ሰንሰለቱ ራሱ ሰውን የሚያዘናጋበት መንገድ አለው። ቤንጃሚን ሆልት እ.ኤ.አ. በ1904 በካሊፎርኒያ ስቶክተን አካባቢ በእንፋሎት በሚሠራው ትራክተሩ ላይ መንኮራኩሩን በሰንሰለት የተካው፣ የዚያ አገር ለስላሳ የእርሻ መሬት ከባድ መንኮራኩር እየዋጠ ስላስቸገረ ነበር። ሰንሰለት ክብደትን በሰፊው ያሰራጫል፤ ሃያ ቶን የሚመዝን ዶዘር መሬት ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከተጫነ የጭነት መኪና ጎማ በእጅጉ ያንሳል። ስለዚህ ለስላሳው መሬት ከወንበሩ ላይ ጠንካራ መስሎ ይሰማል። ነገር ግን ማሽኑ ጉቶ ወይም ቋጥኝ ላይ ሲወጣ፣ ወይም አፋፍ ላይ ሲያጋድል፣ ያ ሁሉ ክብደት በአንዴ ጥቂት ክንድ የማይሞላ ቦታ ላይ ይሰበሰባል።

ይህን በደንብ የተረዳሁት በተራራ ወገብ ላይ መንገድ ስንከፍት ነው። ሥራው ቁልቁለቱን በአግድም ቆርጦ እርከን ማውጣት ነበር። የጀመርኩት ከጎን ካለው ሜዳ ነው፤ ማሽኑ ሁልጊዜ አስቀድሞ በሠራው ደልዳላ ላይ ቆሞ የሚቀጥለውን በጥቂት በጥቂቱ ይቆርጣል። ብሌዱን አዘንብዬ የእርከኑ ወለል ወደ ተራራው እንዲያጋድል አደረግሁ፤ ቢንሸራተት እንኳ ወደ ተራራው እንጂ ወደ ገደሉ እንዳይሆን። ቁልቁለቱን በአግድም መሻገር ከመውጣትና ከመውረድ ይልቅ የሚያሰጋው ለዚህ ነው፤ በላይኛው ሰንሰለት ሥር አንድ ድንጋይ፣ በታችኛው ሥር አንድ ጉድጓድ ሲገጣጠሙ ማሽኑ የሚሄድበት አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

የእርከን ሥራ ትልቁ ተንኮል ግን ሌላ ነው። ከተራራው የተቆረጠው አፈር ወደ ውጭ ይገፋና እርከኑን ያሰፋዋል። ከወንበሩ ሲታይ ሁሉም አንድ ወለል ነው፤ በእውነቱ ግን የውስጠኛው ግማሽ ያልተነካ መሬት ሲሆን የውጭኛው ግማሽ ማንም ያልጠቀጠቀው ልቅ አፈር ነው። ስለዚህ በየጊዜው ወርጄ ቁርጡ የሚያልቅበትንና ሙሌቱ የሚጀምርበትን መስመር በድንጋይ ክምር ምልክት አደርግ ነበር፤ የውጭኛው ሰንሰለቴ ከዚያ መስመር አያልፍም። ፎርማኑ ድንጋይ ሲደረድር የሚውል ኦፕሬተር አይቶ አያውቅም ነበርና መጀመሪያ ላይ ሳቀ። በኋላ ላይ ግን የገልባጭ ሹፌሮቹም ምልክቴን እያዩ መቆም ጀመሩ።

አፈር ወደ ገደል ሲደፋም ደንቡ ያው ነው። ጭነቱን እስከ መጨረሻው ገፍቶ መጣል አያስፈልግም። አፋፉ ጋ ሳልደርስ የመጀመሪያውን ክምር እተወዋለሁ፤ ሁለተኛው ጭነት መጥቶ የመጀመሪያውን ይገፋዋል። በማሽኑና በገደሉ መካከል ሁልጊዜ የአፈር ግርዶሽ ይቀራል። ገልባጭ መኪኖች የሚደፉበት አፋፍ ከሆነ ግርዶሹ ቢያንስ በቦታው ከሚሠራው ትልቁ መኪና የጎማ ግማሽ ቁመት ሊኖረው ይገባል። አፋፉ አጠገብ ቆሞ መዞርም አይገባም፤ ሰንሰለቱ ሲዞር ልቅ አፈርን ይፈለቅቃል። ቀጥ ብዬ ገብቼ ቀጥ ብዬ ወደ ኋላ እወጣለሁ። ከዝናብ በኋላ ከአፋፉ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ካየሁ ፎርማኑ ቢቸኩልም ማሽኔን አላስጠጋም።

ሰዎች ሌላው ሥጋት ናቸው። ዶዘር ቀርፋፋ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ ከኋላው አቋርጦ ያልፋል፣ በጎኑ ቆሞ ስልክ ያወራል። በብዙ የሥራ ቦታዎች ክላክስ አንድ ጊዜ ለማስነሳት፣ ሁለት ጊዜ ወደፊት ለመሄድ፣ ሦስት ጊዜ ወደኋላ ለመመለስ ይነፋል። ጥሩ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የሚጮኸውን ነገር የሠራተኛ ጆሮ ከጥቂት ሰዓት በኋላ አይሰማውም። ስለዚህ እኔ የምተማመነው በዐይን ነው። ሊያናግረኝ የሚመጣ ሰው እኔ አይቼው፣ ብሌዱን መሬት አሳርፌ፣ ፍሬን ይዤ በእጄ እስክጠራው ድረስ ይጠብቃል። ምልክት የሚሰጠኝ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ከዐይኔ ከተሰወረ እቆማለሁ። «ቁም» የሚለውን ምልክት ግን ማንም ቢሰጠኝ እታዘዛለሁ።

የኤሌክትሪክ መስመርም ከመሬቱ መለዋወጥ ጋር የተያያዘ ነው። ሥራው ሲጀመር ከሽቦው በታች በቂ ክፍተት ነበረ፤ ነገር ግን ሙሌቱ ንብርብር በንብርብር ከፍ ባለ ቁጥር እኔም አብሬ ወደ ሽቦው እወጣለሁ። ስቆርጥ ደግሞ በተቃራኒው ወደተቀበረው ኬብልና ቧንቧ እቀርባለሁ። እስከ 50 ኪሎ ቮልት ለሚደርስ መስመር በስፋት የሚሠራበት ዝቅተኛ ርቀት 3 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ኃይል ርቀቱም ይጨምራል። ማሽኑ ሽቦ ከነካ ኃይሉ መቋረጡ እስኪረጋገጥ ከወንበር አለመነሳት ነው። እሳት ተነስቶ መውረድ ግድ ከሆነ ማሽኑንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነኩ፣ እግርን አጣምሮ መዝለልና እግርን ሳያነሱ በጥቂት በጥቂቱ እየተንፏቀቁ መራቅ ያስፈልጋል።

ዛፍ ስጥል ከላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ቅርንጫፍ መኖሩን አያለሁ፤ ዛፉ መውደቅ ሲጀምር ሥሩ ከማሽኑ ሆድ በታች ስለሚነሳ ፈጥኜ ወደ ኋላ አፈገፍጋለሁ። ሪፐር በአንደኛ ማርሽ ይሠራል፤ ከመታጠፍ በፊት ደግሞ ከመሬት ይነሳል።

ከታች በኩል በማጓጓዣ የሚወሰድ የጠጠር ወይም የማዕድን ክምር ላይ የሚሠራ ሰው ግን ይህን ይስማ። ላይኛው ቅርፊት ተጣብቆ ሲቀር ከሥሩ ባዶ ዋሻ ይፈጠራል፤ ከላይ ግን ምንም አይታይም። ክምሩ ከታች እየተወሰደ መሆኑ እየታወቀ ላይኛው ወለል ካልሰረጎደ ያ ጥሩ ምልክት ሳይሆን የአደጋ ምልክት ነው። መውሰጃው አፍ የት እንዳለ በሚታይ ነገር ምልክት ካልተደረገበት እዚያ ክምር ላይ አልወጣም።

ሲመሽ ማሽኑን ደልዳላ ቦታ ላይ አቆማለሁ፤ ብሌዱና ሪፐሩ መሬት ይነካሉ፣ ፍሬን ይያዛል፣ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ በዝቅተኛ ፍጥነት ሠርቶ ይቀዘቅዛል፣ ቁልፉም ይነቀላል። የሌሊት ተረኛ ካለ ዛሬ የሞላሁትን ቦታ፣ የተዳከመውን አፋፍና የተነሳውን ችካል በእግር ወስጄ አሳየዋለሁ፤ በወረቀት የተጻፈ ርክክብ ለነዳጅና ለዘይት ይበቃል፣ ለአፋፍ ግን አይበቃም።

ማሽኑ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ደግሞ በሎቤድ፣ ማለትም ማሽን በሚያጓጉዘው ዝቅተኛ ተጎታች፣ ላይ መጫን አለ። ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል፣ ጭቃ ሲጨመርበት ይብሳል። ሰንሰለቱን ጠርጌ፣ ሎቤዱ ደልዳላ ላይ መቆሙንና ጎማው መታገዱን አይቼ፣ በዝግታ ቀጥ ብዬ እወጣለሁ። መወጣጫው ላይ መሪ አልነካም፤ ከተጣመምኩ ወደ መሬት ተመልሼ እንደገና እጀምራለሁ። የሎቤዱ ሹፌር ቢቸኩልም ሌላ መንገድ የለውም፤ ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው።