በጓን ማን ገደላት? የቦረና ሳይንት ጉዞ

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ስትሄዱ ጉጉፍቱ ላይ የመኪናው መስኮት ሁሉ ይዘጋል። ብርዱ አጥንት ይገባል። ግራና ቀኝ የገብስ ማሳ ነው። ባና የደረቡ እረኞች ዳገቱ ላይ በጎቻቸውን ይጠብቃሉ። ጉዞው ከጦርነቱ በፊት፣ በበጋ ነው። አብሮኝ የነበረው የአክስቴ ልጅ ነው። ኮሎራዶ፣ አሜሪካ ይኖራል። እዚያ ብርዱ ሲገባ ኮዮቴ ያድናል።

ኮዮቴ የሰሜን አሜሪካ አውሬ ነው። የኛን ቀበሮ ይመስላል፤ ትልቁ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በግ አርቢዎች አምርረው ይጠሉታል። እኔ አዳኝ አይደለሁም። ግን ሰው የሚወደውን ነገር ሲያወራ መስማት ደስ ይለኛል፤ መንገዱም ረጅም ነው። እንዴት እንደሚያድን ጠየቅኩት።

ጠመንጃው .223 የሚባለው ዓይነት ነው። ጥይቷ ትንሽና ፈጣን ናት። ልብሱ ሳሩን ይመስላል። ዋናው መሣሪያ ግን የድምፅ ማጫወቻ ነው። የቆሰለች ጥንቸል ጩኸት ያሰማል። ማጫወቻውን ራቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ እሱ በሌላ ቦታ ይቀመጣል። አውሬው ዓይኑን ድምፁ ላይ ሲተክል ሰውየውን አያይም። ኮዮቴ ግን ቀጥ ብሎ አይመጣም። ዞሮ፣ ነፋሱ ሽታ ከሚያመጣለት በኩል ይጠጋል። ስለዚህ አዳኙ ያንን አቅጣጫ ገላጣ አድርጎ መምረጥ አለበት። ከዚያ ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ ሳይነቃነቁ መቀመጥ ነው። ካልመጣ ተነስቶ ሌላ ቦታ መሄድ።

"ነፋሱን በምን ታውቃለህ?" አልኩት። ከቦርሳው ትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣ። ውስጡ ነጭ ዱቄት አለ። ጫን ሲያደርጋት ዱቄቱ ብን ይላል፤ በሄደበት በኩል ነፋሱ ይታወቃል።

የራሱ ሕግ አለው። ለይቶ ያላየው ነገር ላይ አይተኩስም። ግልገል በሚያሳድጉበት ጊዜ አይወጣም፤ እናትየው ከሞተች ጉድጓድ ውስጥ ያሉት በረሃብ ያልቃሉና። ያቆሰለውን ሳያገኝ ወደ ቤት አይመለስም። ቆዳውን ይጠቀምበታል። በሌሊት ሙቀትን በሚያሳይ መነጽር የሚያድኑ አሉ። እሱ አይወደውም። በዚያ መነጽር ሁሉም ነጭ ቅርጽ ነው። የጎረቤት ውሻና ኮዮቴ በሩቅ አንድ ይመስላሉ። ብዙ ኮዮቴ የገደለ ገንዘብ የሚሸለምበት ውድድርም አለ። ካሊፎርኒያ በ2014 እ.ኤ.አ.፣ ቬርሞንት በ2018፣ ኮሎራዶ በ2020 ከልክለውታል። ጥሩ አድርገዋል። ነፍስ እየቆጠሩ መሸለም ለእኔ አደን አይደለም።

መካነ ሰላም አድረን ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አቀናን። ሰዉ አሁንም ደንቆሮ ጫካ ነው የሚለው። ሸለቆው ውስጥ ወይራ፣ ጥድና ኮሶ አለ። ከፍ ሲሉ አስታ ይጀምራል። ከላይ ጓሳ የሚባለው ሳርና ጅብራ ነው። ጫፉ 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጭላዳ፣ ድኩላ፣ ነብርና ቀይ ቀበሮ አለበት። እኛ ያረፍነው ከፓርኩ ዳር፣ የአክስቴ ባል ዘመዶች ቤት ነው። እንግዳ አቀባበላቸውን እንዴት ልንገራችሁ! ቃሪቦ ቀረበ፣ ቆሎ ቀረበ፣ ቡና ተፈላ። "አብሽሩ፣ አረፍ በሉ" ይሉናል እማማ ደጋግመው። ፊታቸው ግን ልክ አልነበረም።

ሌሊቱን በግ ሞታባቸው ኖሯል። አንዷ ሞታ፣ ሦስት ቆስለው። ጎረቤታቸው፣ ጎልማሳ ሰው ነው፣ እልህ ይዞታል። "ቀበሮ ነው! ትናንት ማታ እዚያች ተረተር ላይ አይቼዋለሁ" ይላል። የሞተችውን በግ የተባይ መድኃኒት አድርጎባት ሜዳ ላይ ሊጥላት ነው። ቀበሮው ተመልሶ ሲመጣ በልቶ ይሞታል። ሐሳቡ ይሄ ነው።

እማማ አመነቱ። "አባባ ይምጡና ይዩት" አሉ።

አባባ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ነብር አድነዋል። ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ተቀመጡ አላሉም፣ ቡናም አልጠየቁም፤ ቀጥ ብለው ወደ በጓ ሄዱ። ጎንበስ ብለው አንገቷን ገለጥ አድርገው አዩ። ከዚያ ጭኗን፣ ጎኗን፣ ላቷን። የቆሰሉትንም አንድ በአንድ ነካኩ። የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውት የሚሉት፣ ደርሶ አብሮ ያያል። እኔ ማስታወሻዬን ይዤ ከኋላቸው ነበርኩ። የጉዞው ሁሉ ጥቅም ለእኔ እዚያች ግቢ ውስጥ ነው ያለው።

"ነብር ቢሆን ጉሮሮዋን ነው የሚይዝ" አሉ አባባ። "አንድ ቦታ። ከዚያ ጎትቶ ይወስዳታል፤ ዛፍ ላይ ይሰቅላታል። እዚህ አይተዋትም። ጅብ ቢሆን ደግሞ ምን ታገኝ ነበር? ደምና ፀጉር። አጥንቱንም ይዞት ይሄዳል።"

ስካውቱ ዱካውን እያሳየ ቀጠለ። የነብር ኮቴ ክብ ነው፣ ጥፍሩ አይታይም፤ ሲራመድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። የጅብ ጥፍር ግን መሬት ላይ ይወጣል፤ የፊት እግሩም ከኋላው ይተልቃል። የጅብ ፋንድያ ሲደርቅ ነጭ ነው፣ አጥንት ስለሚበላ። ግቢው ውስጥ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። የነበረው የብዙ እግር ዱካ ነው፤ ጥፍሩ የወጣ፣ መካከለኛ፣ ወዲህና ወዲያ የሮጠ።

"ቀበሮስ?" አለ ጎረቤትየው።

"ቀበሮ ሊበላ ነው የሚመጣ" አሉ አባባ። "ይቺን ተመልከት። እግሯ ተነክሷል፣ ጎኗ ተነክሷል፣ ጆሮዋ ተነክሷል። ሥጋዋ ግን አልተነካም። ሦስቱም እንዲሁ ተነካክሰው ተትተዋል። እየተጫወተ የገደለ ነው። ውሻ ነው ልጄ።"

የአክስቴ ልጅ ራሱን ነቀነቀ። እነሱም ጋ እንዲሁ ነው የሚለዩት። ኮዮቴ በግ ሲገድል ብዙ ጊዜ ጉሮሮ ይይዛል። የሰፈር ውሾች ተሰብስበው ሲወጡ ግን ያገኙትን ቦታ ሁሉ ይነክሳሉ፤ አንዱን ትተው ሌላውን ያሯሩጣሉ። አርቢው ጠዋት ሲነሳ ኮዮቴን ይረግማል። የራሱ ውሻ በር ላይ ተኝቶ ይጠብቀዋል።

ጎረቤትየው ወዲያው አልተቀበለም። ማንስ ቢሆን የራሱን መንደር ውሻ ጥፋተኛ ማድረግ ይወዳል? በጓ ግን ሳትመረዝ ተቀበረች።

ማታ እሳት ዳር አባባ ስለ ድሮው አወሩን። ያኔ ነብር የገደለ ሰው ገዳይ ይባላል፤ ይፎክራል፤ የነብር ለምድ ጀግና የሚለብሰው ነው። ጠመንጃቸው ምንሽር ነበር። ጥይት ውድ ነው። በከንቱ አይተኮስም። ነብሩ የሰቀለውን ግዳይ ፈልገው ያገኙና ከነፋሱ በታች አድፍጠው ይጠብቃሉ። ነፋሱን በምን ያውቁ እንደነበር ጠየቅናቸው። ከምድጃው ዳር አመድ ቆንጠር አድርገው በተን አደረጉት። የአክስቴ ልጅ ጠርሙሱን አወጣ። አባባ ተቀብለው ጫን፣ ጫን አደረጉት። በጣም ነው የወደዱት።

የጥንቸሉን ድምፅ ሲነግራቸው ደግሞ የእጃቸውን ጀርባ ከንፈራቸው ላይ አድርገው ሳቡት። ቀጭን፣ የሚያሳዝን ጩኸት ወጣ። ውጭ ያለው ውሻ ብድግ አለ።

"አቁስለው የተውት ነበር?" አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ፣ "አቁስሎ የተወ ሰው መንደሩን ነው የሸጠ" አሉ። የቆሰለ ነብር ሚዳቋ አባሮ መያዝ አይችልም። ወደ በረት ይመጣል፤ ወደ ሕፃን ይመጣል። ስለዚህ ያቆሰለው ሰው ደሙን ተከትሎ ቁጥቋጦ ውስጥ መግባት ግዴታው ነበር። የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም የሚባለውን እሳቸው በሥራ ያውቁታል። ጉድጓድ ቆፍሮ በጭራሮና በሳር መሸፈንም ነበር። አሽክላም ነበር። እሳቸው ሁለቱንም አይወዱም። ጉድጓዱ የጎረቤት ጥጃም ይገባበታል። አሽክላው ነብር ሲጠብቅ ድኩላ አንቆ ያድራል። "እኔ የገደልኩትን አይቼ ነው የገደልኩ" አሉ።

ይህን ሲሉ የጎረቤትየው መርዝ ታወሰኝ። መርዝ የጣለ ሰው ማን እንደሚበላው አያይም። መጀመሪያ የሚደርሰው ጥንብ አንሳ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ቦትስዋና ውስጥ አዳኞች በገደሏቸው ሦስት ዝሆኖች ላይ መርዝ አድርገው 537 ጥንብ አንሳዎች ባንድ ጊዜ አልቀዋል። ጥንብ አንሳ ብዙ ጊዜ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ የሚጥል ወፍ ነው። ያን ያህል ሞቶ ለመተካት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስቡት። እኛ አገር ደግሞ የሞተ ከብት ሜዳ ላይ ነው የሚጣለው። ያንን የሚያጸዱልን እነሱና ጅብ ናቸው።

ማለዳ ከስካውቱ ጋር ወደ ጓሳው ወጣን። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ፀሐይ ሞቅ ስታደርግ አይጦቹ ከጉድጓዳቸው ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ስካውቱ ክንዴን ያዘኝ። ቀይ ቀበሮ ነበረች። ረጃጅም እግሮች፣ እሳት የመሰለ ቀይ ፀጉር፣ ጉሮሮዋና ደረቷ ነጭ፣ የጅራቷ ጫፍ ጥቁር። አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ጆሮዋን ቀስራ ቀስ ብላ ትራመዳለች። ትቆማለች። ትዘላለች። አይጧን ይዛ ስትነሳ የአክስቴ ልጅ ትንፋሹን ለቀቀ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያድን የኖረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ አዳኝ አላየሁም አለኝ።

ይህች አውሬ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም። በአገሪቱ ያሉት ትልልቆቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ ባሌ ናቸው። ወሎ ላይ እዚህ ቦረና ሳይንትና ላሊበላ አጠገብ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ይገኛሉ። ከምትበላው አብዛኛው አይጥ ነው። መንዝ ጓሳ ላይ አጥኚዎች እንዳዩት ጭላዳዎች መሀል ገብታ ስታድን ከሞከረችው 67 በመቶው ይሳካላታል፤ ብቻዋን ስትሆን 25 በመቶው ብቻ። ጭላዳዎቹም አይሸሿትም፤ ግልገሎቻቸውን አትነካም።

ተራ ቀበሮው ሌላ ነው። ወደ ግራጫ ያደላል፣ እግሩ አጠር ይላል፣ በጨለማ ወደ ሰው ቤት ይጠጋል። በግም ይደፍራል። ሲመሽ፣ በሩቅ፣ በተናደደ ሰው ዓይን ግን ሁለቱን መለየት ቀላል አይደለም። ጎረቤትየው ተረተር ላይ ያየው የትኛው ነበር? እሱም እርግጠኛ አልነበረም። በ2020 እ.ኤ.አ. ስሜን ተራሮች ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ እግሩ በጥይት ተመትቶ ተገኝቷል። ታክሞ ድኖ ተለቀቀ፤ ተረፈ ተብሎ ተጠራ። እንዲህ የሚተርፉት ጥቂት ናቸው። ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ ግን ሌሊት በረት አይጠብቅም። እማማ የሚያስፈልጋቸው ከፍ ያለ የድንጋይ ካብ፣ ከላዩ የቀጋ እሾህና የሚቆለፍ በር ነው። ያንን ጎረቤትየው ራሱ ሊሠራላቸው ቃል ገባ።

የቀረው የውሻው ጉዳይ ነው። ቀይ ቀበሮን ከጥይት በላይ የጎዳት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ባሌ ወብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉን ገድሏል። የሚያመጣው ያልተከተበ የቤት ውሻ ነው። ሌሊት በግ የሚያሯሩጠው ውሻ ቀን ጓሳው ላይ ይወጣል። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውንም አይምርም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከውሾቹ 70 በመቶ ከተከተቡ በሽታው መዛመቱ ይቆማል። በዚያ መንደር ያሉ ውሾች ግን፣ የጠየቅናቸው ሁሉ እንደነገሩን፣ መርፌ አይተው አያውቁም።

ቦረና፣ ሳይንትና ለጋምቦ የምትሠሩ የእንስሳት ሐኪሞች ይህን ካነበባችሁ፣ የውሻ ክትባት ከፓርኩ ዳር ካሉት ቀበሌዎች ጀምሩልን። ስካውቶቹ እያንዳንዱ ውሻ የማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ቤት ለቤት ይዘዋችሁ ይሄዳሉ። የአክስቴ ልጅ ለጉዞ ወጪው የሚሆን ገንዘብ ከጓደኞቹ ጋር እያሰባሰበ ነው። ቀን ከቆረጣችሁልን እኔም መጥቼ ውሻ እይዛለሁ።